ስለ እሌኒ የማልኩት

ይህ የሆነ ነገር ነው። እንደ ሌላው ሰው "በማርያም" ብዬ ላረጋግጥላችሁ ግን አልችልም። ከእንግዲህ ለምንም ነገር አልምልም። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ደግሞ አስፈሪ ነገር ሲባል ጨለማ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ጨለማ አልነበረም። ጅብ አልጮኸም። መብራትም አልጠፋም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ባሕር ዳር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ወደ ጣና በሚወስደው፣ ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ላይ ባጃጆች ይተራመሳሉ።

እኔ የምሠራበት ሱቅ በር ላይ ቆሜያለሁ። ቦርሳዬ ተከፍቷል... ውስጡ ያለውን ዕቃ ሰው ሁሉ ያየዋል... እንዴት እንደገባ ግን የሚያውቅ የለም።

ተሳሳትኩ። አንዲት ሴት ታውቅ ነበር።

እሌኒ።

እሌኒ ይህን የአስፈሪ ታሪክ ቻናል ታነባለች። እኔንም ያስለመደችኝ እሷ ናት። ሁለታችን አንድ ፍራሽ ላይ ተጋድመን፣ በአንድ ስልክ እያነበብን፣ ፈርተን እንሳሳቅ ነበር። ስለዚህ እሌኒ፣ እያነበብሽ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ያደረግሽኝን ከእኔ አፍ ስሚው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ስሜ ሰብለ ወንጌል ነው። አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ማክሰኝት አጠገብ ዜማ ያስተምራሉ። እኛ ቤት ውስጥ ሳህን መስበር ያስቆጣል፤ መዋሸት ያስገርፋል፤ በሐሰት መማል ግን... ስሙም አይነሳም። አባቴ በሕይወታቸው ያላቸው ሀብት ቃላቸው ነው። ሰው ተጣልቶ ሽምግልና ሲቀመጥ "መሪጌታ ካሉ ይበቃል" ይባላል።

ይህን የምነግራችሁ ምን እንደተወሰደብኝ እንድታውቁ ነው።

የምሠራው ሱፐርማርኬት ነበር። ሱፐርማርኬት ይሉታል እንጂ ሁለት ሰው ከተላለፈበት ትከሻ ለትከሻ የሚጋጩበት ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቱ አቶ ዳኘው ጣሪያው ላይ ካሜራ ሰቅለዋል። ካሜራዋ ዓይን አላት እንጂ ሽቦ የላትም። ለማስፈራሪያ ናት።

እውነተኛዋ ካሜራ እኔ ነበርኩ።

ጉራ ነው ካላችሁ በሉ፤ ምን ቀረኝ። ሊሰርቅ የመጣ ሰው ዕቃውን አያይም፤ እኔን ነው የሚያየኝ። ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ጠይቆ ያኮርፋል። የሚሰርቅ ግን ጨዋ ነው። "እንዴት ዋልሽ የኔ እህት" ካለኝ ወዲያው እጁን አያለሁ። ቸኮሌት ካልሲው ውስጥ የሚከት ተማሪ ይዣለሁ። ነጠላዋ ስር የደበቀችው ቅቤ በሙቀቱ ቀልጦ ቀሚሷ ላይ የወረደባት ወይዘሮም ይዣለሁ።

ማንንም አላዋረድኩም። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ "ረስተውት ነው መሰለኝ" እላለሁ። ዕቃው ይመለሳል። ሰውየው በሰላም ይሄዳል። ወይዘሮዋ እንኳን ከዚያ በኋላ ደንበኛዬ ሆነች።

እሌኒ ካሸር ነበረች። የእንፍራንዝ ልጅ ናት። ሐይቁ ዳር ካለ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ታይፎይድ ይዞኝ ስወድቅ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰችኝ፣ ትውከቴን የጠረገችው እሷ ናት። እናቴ ብትኖር ከዚያ በላይ አታደርግም።

ሚስጥሬን ሁሉ ታውቃለች። እኔም የእሷን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እጮኛዋ ፍሬ ስብሐት ሠርጋቸው ሲቃረብ ትቷት ወደ ሱዳን እንደሄደ ነግራኛለች። ስትነግረኝ አለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ። የማላውቀውን ሰውዬ ስረግም አመሸሁ።

ከዚያ... ዕቃ መጥፋት ጀመረ።

መጀመሪያ የጠፋው ምላጭ ነው። ቀጥሎ ሳሙና። ቀጥሎ ፎጣ።

ይህ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል። እኔን የገረመኝ ሌባውን አለማየቴ ነው። ማንም "እንዴት ዋልሽ" አላለኝም። ዓይኔን አንስቼ ስመልስ መደርደሪያው ላይ ክፍት ቦታ አለ።

ክፍት ቦታው ደግሞ... ርጥብ ነው።

በጣቴ ነካሁት። አሸተትኩት። ጭቃ ጭቃ፣ ደንገል ደንገል ይሸታል። ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚታሰርበትን ቦታ ታውቁት የለ? ልክ እንደዚያ።

ከዚያ ማበጠሪያ ጠፋ። ያም ቦታ ርጥብ ነበር።

"ሌባችን ወንድ ነው" አልኳት እሌኒን፣ ምሳ እየበላን። "ታጥቧል፤ ተላጭቷል፤ አሁን ደግሞ አበጥሯል። ሙሽራ ነው መሰለኝ!"

እኔ ሳቅኩ።

እሌኒ አልሳቀችም። የያዘችው ጉርሻ ከእጇ ወደቀ።

"እንደዚህ አትበይ" አለች በሹክሹክታ። "ዳግመኛ እንደዚህ እንዳትይ..."

ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ። ግን የምወዳት ሰው ናት። በምወደው ሰው ላይ ዓይኔ አይሠራም። ይህንን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

አቶ ዳኘው ተቆጡ። "ሌባው ከውስጥ ነው" አሉ። ፖሊስ ከመጥራት በፊት ግን የንስሐ አባታቸውን ጠሩ። አባ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ። ከደሴቶቹ በአንዱ የሚያገለግሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ግዝት ሊገዝቱ በጀልባ ተሻግረው መጡ።

የሱቁ ሠራተኞች በሙሉ ተሰለፍን። በረኛው ጋሽ ቢያዝን ሳይቀሩ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ።

እሌኒ ክንዴን ይዛ ወደ መጋዘኑ ጎተተችኝ። እጇ በረዶ ነው።

"ሰብልዬ... ግዳጅ ላይ ነኝ።"

"ውይ! ዛሬ?"

"ዛሬ። መስቀል አልሳለምም። ካልማልሁ ደግሞ ሌባዋ እሷ ናት ይሉኛል።"

"ለአባ እንንገራቸው።"

"በወንዶች ፊት? አፍራለሁ..." አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አንቺ ማይልኝ። ታውቂኝ የለ?"

አዎ። የማውቃት መስሎኝ ነበር። በወር አበባ ጊዜ መስቀል እንደማትሳለም አውቃለሁ፤ እኔም አልሳለምም። ግን አንድ ክፍል ውስጥ የምንኖር ሴቶች ነን። ጊዜዋ እንዳልነበረ... ትንሽ ባስብ አስታውሰው ነበር። አላሰብኩም። ጓደኛዬ አለቀሰች፤ በቃ።

አባ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

"ልጆቼ፣ ከመሐላ መናዘዝ ይሻላል። የወሰደ ካለ አሁን ይንገረኝ። ከአቶ ዳኘው እኔው አስታርቀዋለሁ።"

ማንም ከሰልፉ አልወጣም።

"እንግዲያው ወስዶ የካደ፣ የወሰደው ነገር ይከተለው። ከቤቱ ይግባ። ከራስጌው ይደር። ከሰው ፊት ያውጣው።"

"አሜን" አልን።

ሁሉም በተራው ቀርቦ "አልወሰድሁም" እያለ መስቀሉን ሳመ። እኔም ሳምኩ። ከዚያ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

"አባ፣ እሌኒ ዛሬ መሳለም አትችልም። ስለ እሷ እኔ እምላለሁ።"

አባ ፊታቸው ተለወጠ።

"ስለ ሰው አይማልም፣ ልጄ።"

"እንደ ራሴ አውቃታለሁ አባ። ይመኑኝ።"

"ስለ ሰው መማል ከቦታው መቆም ነው። የእሷ የሆነው ሁሉ ያንቺ ይሆናል። ይህን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

ወደ እሌኒ ዞሩ። "አንቺስ? በቦታሽ ትቁምልሽ?"

እሌኒ ለመልሱ ስትጠብቅ የነበረች ያህል ፈጥና መለሰች።

"ትቁምልኝ።"

"ከልብሽ ነው?"

"ከልቤ ነው።"

"በእሌኒ ቦታ ቆሜያለሁ። ወስዳ ከሆነ በእኔ ይድረስ" አልኩና መስቀሉን ለሁለተኛ ጊዜ ሳምኩ።

ከንፈሬን ቀዘቀዘኝ።

መስቀሉ ርጥብ ነበር። አባ ወልደ ሐዋርያትም መዳፋቸውን አዩት፤ በነጠላቸው ጠረጉት፤ ምንም አላሉም። ሲወጡ ግን ዞር ብለው ያዩት እሌኒን አይደለም። እኔን ነው።

የዚያን ዕለት እሌኒ ቦታ እንቀያየር አለችኝ። ፍራሹ ላይ እሷ ሁልጊዜ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በግድግዳው በኩል ነበር የምንተኛው። "ነፋሱ ወገቤን አመመኝ" አለች።

እሺ አልኩ። ምን ገዶኝ።

ጠዋት ስነቃ እሌኒ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። አብረን ስንኖር እንደዚያ ተኝታ አይቻት አላውቅም።

በእኔ በኩል የትራሱ ጫፍ... ርጥብ ነበር።

ሰኞ የሥራ ጋወኔን ኪስ ስዳብስ ጣቴን የሆነ ነገር ቆረጠኝ።

ምላጭ። ያ የጠፋው ዓይነት ምላጭ።

አዲስ አልነበረም። ተላጭተውበታል። ስለቱ ላይ ጥቁር የጢም ፀጉር ተጣብቋል።

ለማንም ሳልናገር ወርውሬ ጣልኩት። ማግስቱን ክፍላችን ገመድ ላይ አንድ ፎጣ ተሰቅሎ አገኘሁ። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ሳሙናውም መታጠቢያችን ላይ ነበር፤ ሟሙቶ ግማሹ አልቋል።

"እሌኒ... ይህን ማን አመጣው?"

ዓይኗን እንኳ ከመስታወቱ ላይ አላነሳችም። ፀጉሯን እየሠራች ነበር።

"ዝም በይ። ለማንም አትንገሪ።"

"ሌባ ናት ይሉኛል እኮ! አባቴ..."

"ዝም ካልሽ ምንም አትሆኝም" አለችና ሳመችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እሌኒ አማረባት። መብላት ጀመረች። ደንበኛ ሲቀልድ ከትከት ብላ ትስቃለች። እኔ ደግሞ እህል አልወርድ አለኝ። ከኋላዬ የሆነ ሰው የቆመ እየመሰለኝ በሥራ ሰዓት ደጋግሜ እዞራለሁ። ስዞር የለም። ወለሉ ላይ ግን የርጥብ እግር ምልክት አለ።

ጋሽ ቢያዝን የመራዊ ሰው ናቸው። ቆጋ መስኖ ላይ ስንዴ የሚያመርት ልጅ አላቸው፤ ስለ እሱ ካልሆነ ብዙም አያወሩም። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ በሩ ላይ አስቆሙኝ። ጎንበስ ብለው በዝግታ ጠየቁኝ።

"ሰብለ፣ ልጠይቅሽና አትቆጪኝ። ያ ሰውዬ ምንሽ ነው?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ከኋላሽ የሚገባው። አሁንም እኮ ተከትሎሽ መጥቶ ቀድሞሽ ገባ።"

ወደ ሱቁ ውስጥ አየሁ። ማንም የለም።

"ጋሽ ቢያዝን... ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ወጣት ነው። ጢሙን ተላጭቷል። ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ባሕር ገብቶ የወጣ ነው የሚመስል። ጫማ የለውም። እኔስ የእሌኒ እጮኛ መስሎኝ ነበረ።"

"ለምን?"

"በፊት እሷን ነበራ የሚከተል! አንቺን መከተል የጀመረ አባ መጥተው ከሄዱ ወዲህ ነው።"

የበሩን ብረት ያዝኩ።

በፊት እሷን ነበር የሚከተለው...

ከባንኮኒው ኋላ እሌኒ ታየኛለች። ጋሽ ቢያዝን የነገሩኝን የሰማች ይመስል አንገቷን ደፋች።

ያን ዕለት ነው እንግዲህ ያ የዘጠኝ ሰዓቱ ነገር የሆነው።

በሱቃችን ልማድ ማንም ሠራተኛ ሲወጣ ቦርሳው ይፈተሻል። ፈረቃዬ አልቆ ስወጣ አቶ ዳኘው ራሳቸው በሩ ላይ ነበሩ። ቦርሳዬን ያለ ሐሳብ ሰጠኋቸው። ከምሳ ስመለስ ስልኬንና ነጠላዬን ብቻ ነበር የከተትኩበት።

አቶ ዳኘው እጃቸውን ሰደዱ።

ነጭ ካልሲ አወጡ። አዲስ፣ ከነማሸጊያው።

የወንድ ሽቶ አወጡ።

"ይህ ምንድን ነው፣ ሰብለ ወንጌል?"

ገበያተኛው ቆመ። ባጃጅ ውስጥ ያለው ሹፌር ሳይቀር አንገቱን አወጣ።

"አላውቅም... በእ..." በእግዚአብሔር ልል ነበር። ዋጥኩት።

"እሌኒ!" አሉ አቶ ዳኘው። "ነይ ወዲህ። አብራችሁ ነው የምትኖሩ። ቤታችሁ የእኛን ዕቃ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እሌኒ መጣች።

አየችኝ። ዓይን ለዓይን ነው ያየችኝ። "የለም" ብትል ይበቃኝ ነበር። "አላየሁም" ብትል እንኳ እግሯን እስም ነበር።

"አለ" አለች። "ፎጣውም ሳሙናውም ቤታችን ነው። ፈርቼ ነው ያልተናገርሁት።"

የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ተሰበረ። ማጋነን አይደለም፤ ሲሰበር ሰማሁት። ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰኝ እጅ ነው በሰው ፊት የገፋኝ።

"የመሪጌታ ልጅ!" አሉ አቶ ዳኘው። ከቁጣቸው ይልቅ ማዘናቸው አቃጠለኝ። "መስቀል ስመሽ? ሁለቴ?"

"ሌባ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ከሰዎቹ መሃል አንዲት ሴት ብቻ ተናገረች። ያቺ ቅቤ የቀለጠባት ወይዘሮ ነበረች።

"ረስታው ይሆናላ" አለች በቀስታ።

ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

አቶ ዳኘው ፖሊስ አልጠሩም። "ስለ አባትሽ ስል እተውሻለሁ" አሉ። ለአባቴ ግን እዚያው እፊቴ ደወሉ።

ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ሐይቁ ዳር ደረስኩ። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። እንጨት የጫነ ታንኳ ቀስ እያለ ይመጣል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እሌኒ መጣች። የልብስ ሻንጣዋን ይዛለች። ቀድማ አዘጋጅታዋለች ማለት ነው።

"ለምን?" አልኳት።

"ቀስ በይ። እንዳይሰማን..."

"ማን ነው የሚሰማን?"

በአገጯ ውሃውን አሳየችኝ።

"ፍሬ ስብሐት ሱዳን አልሄደም" አለች። "ዘመዶቹን ሊጠራ ወደ ደሴት ሲሻገር ማዕበል ገለበጣቸው። ሌሎቹ ወጡ። እሱ አልተገኘም።"

"እና?"

"አርባው ሳይወጣ መጣ።"

ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ይሳሳቃሉ። ፀሐይዋ እንዳለች ናት። እኔ ግን ብርድ ጥርሴን አንቀጫቀጨው።

"ሠርጌ ቀረብኝ አለኝ። ልታጠብ፣ ልላጭ፣ ልልበስ አለኝ። ገዝቼ አስቀመጥሁለት፤ አልነካውም። የተገዛ ለሕያው ነው አለኝ። ያን ጊዜ ምላጯን ሰረቅሁ... ምላጯን ብቻ ነው፣ ሰብልዬ! ከዚያ ወዲያ ራሱ ነው የወሰደ።"

"ግዳጅ ላይ ነኝ ብለሽ ዋሸሽኝ።"

"አዎ።"

"በቦታሽ ልታቆሚኝ።"

ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ማን ነገረሽ? በቦታዬ ሰው ባቆም ይተወኛል ብሎ ማን ነገረሽ?"

"እሱ" አለች። "የምትወድሽ ሴት ፈቅዳ ከቆመችልሽ እተውሻለሁ አለኝ። የምትወደኝ ደግሞ... ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?"

ይህን ስትል አለቀሰች። እኔን እያዘነችልኝ ነው ወይስ ለራሷ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብጠላት ይቀለኝ ነበር። መጥላቱም እሺ አላለኝም፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ!

"አንቺ አትፈሪም" አለች ሻንጣዋን እያነሳች። "ሌባ እንኳ ትይዣለሽ።"

"እሌኒ! ምን ቀረው?"

ቆመች። አልዞረችም።

"ጫማ አለው፤ ለሠርጉ የገዛው ሳጥኔ ውስጥ ነበረ። ትናንት ሳየው የለም። የቀረው የጫማ ቀለም ብቻ ነው። ቀለሙን ካገኘ... ዝግጁ ነው ማለት ነው።"

በባጃጅ ሄደች። ስልኳ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዝግ ነው።

እኔ በዚያው ዕለት በመጨረሻዋ ሚኒባስ ማክሰኝት ገባሁ። ክፍላችን አልተመለስኩም። ልብሴም እዚያው ቀረ።

አባቴ ዓይናቸው ደክሟል። ፊቴን በእጃቸው ዳሰው ነው ያወቁኝ። ስለ ስርቆቱ አልጠየቁኝም።

"ማልሽ፣ ልጄ?"

"ማልሁ አባባ።"

"ስለ ራስሽ ነው?"

"ስለ ጓደኛዬ።"

ራሴን ደባበሱኝ።

"አልሰረቅሽም። አውቄዋለሁ። ያሰረሽ ግን ስርቆቱ አይደለም፤ ቃልሽ ነው። ግዝቱን የሚፈታው የገዘተው ነው። ለአባ ወልደ ሐዋርያት መልእክት እልክላቸዋለሁ፤ እስኪመጡ ከደጄ አትራቂ።"

አባቴ አመኑኝ። ያን ዕለት ይህ ብቻ በቃኝ። ደግሞ ከቤታችን ሐይቁ አይታይም። ትራሴ ደረቅ ነበር። እህል መቅመስ ጀመርኩ። ውስጤ ግን አልበረደም። ጠዋት ስነሳ የማስበው ሙቱን አይደለም፤ "ትቁምልኝ" ስትል የነበረውን ፍጥነቷን ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። እዚህ ላይ ልጨርሰውና ለቻናሉ ልልከው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ጨው ልገዛ ጎረቤታችን ካለችው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ አቶ ገድሉ መደርደሪያቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ያጉረመርማሉ።

"ምን ሆኑ?" አልኳቸው።

"አይ፣ ሌባ ነዋ! አሁን ከዚህ ያስቀመጥሁት ጥቁር የጫማ ቀለም የለም። ውሃውን ደግሞ ከየት አምጥቶ ነው ያፈሰሰብኝ..."

ጨውን ትቼ ሮጥኩ።

ደጃችን ላይ ሰው የሚያወልቀው ጫማ ይደረደራል። የአባቴ ሸበጥ አለ።

ከሸበጡ አጠገብ አንድ ጥንድ የወንድ ጫማ አለ። ጥቁር። ተወልውሎ ፊት ያሳያል። አፍንጫቸው ወደ ቤት ነው። ከሥራቸው ውሃ እየወጣ ደረጃውን ይወርዳል።

አባቴ ከውስጥ ከሰው ጋር ሲያወሩ ይሰማኛል። የእንግዳው ድምፅ አይሰማም። እሳቸው ግን ይመልሱለታል።

"እንዴታ... እንዴታ፣ ልጄ። ሽማግሌ መላክ ነበረብህ፤ ግን ግድ የለም..."

ኮቴዬን ሰሙ መሰለኝ።

"ሰብልዬ! ነይ ግቢ እንጂ። እንግዳ መጥቶልሻል። ጨዋ ልጅ ነው፤ እጁ ግን እንዴት ይቀዘቅዛል! ቤታችንን እሌኒ ናት ያመላከተችኝ አለኝ።"

እሌኒ። ቤታችንን በፋሲካ ወስጄ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። አባቴ የመረቁሽ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

አልገባሁም። ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ ቆሜ ነው ይህችን የመጨረሻዋን የምጽፍላችሁ። አባባ ውስጥ ናቸው፤ ጥያቸው መሸሽ አልችልም። ድምፃቸው ቆሟል።

አሁን ቀና ብዬ ደጁን አየሁ።

ማንም አልወጣም። ማንም አልነካቸውም።

ጫማዎቹ ግን ዞረዋል። አፍንጫቸው ወደ እኔ ነው።